ስሙ የድሮ፣ ዕቃው የዛሬ፦ አዳማ ቅናሽ ሱቅ ገብታችሁ የታወቀ ብራንድ ስታገኙ ምን ታያላችሁ?

ከቅናሽ ሱቅ የተገዛ ካውያ ሦስት ወር ሠርቶ ሲቃጠል ሰው መጀመሪያ የሚለው «ፎርጅድ ሸጡልኝ» ነው። አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ዕቃው ፎርጅድ አይደለም። ስሙን ለመለጠፍ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ፋብሪካ ነው የሠራው፤ ያ ፋብሪካ ግን ስሙን ያስከበረው ፋብሪካ አይደለም። ሁለቱን ካልለያችሁ ከሻጩ ጋር የምትጨቃጨቁትም፣ በሚቀጥለው የምትገዙትም በግምት ይሆናል።

አዳማ ላይ ከፖስታ ቤት አካባቢ እስከ መብራት ኃይል ባሉ ሱቆች በቅናሽ የሚሸጥ የታወቀ ስም ያለው ዕቃ ከአራት ነገር አንዱ ነው። ወይ ትክክለኛው ፋብሪካ ሠርቶት መጋዘን ውስጥ የከረመ የድሮ ክምችት ነው። ወይ ኩባንያው ራሱ ለርካሽ ገበያ ብሎ ያቀለለው ሞዴል ነው። ወይ ስሙ ለሌላ አምራች የተከራየ ነው። ወይ ደግሞ እውነትም ፎርጅድ ነው። የመጀመሪያው ጥሩ ግዢ ሊሆን ይችላል፤ ጫማና ባትሪ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፣ ምክንያቱን ወረድ ብለን እናያለን። ሁለተኛውና ሦስተኛው እየተፈተሹ የሚገዙ ናቸው። አራተኛው በነፃም ቢሆን ሶኬት ውስጥ መግባት የለበትም።

ስም እንዴት ይከራያል?

ኩባንያ ሲከስር ፋብሪካው ይዘጋል፣ ማሽኑ ይሸጣል፣ ስሙ ግን ዋጋ ስላለው ለብቻው ገዢ ያገኛል። ፖላሮይድ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሰረ፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ካሜራ ሠርተው በማያውቁ አምራቾች ቴሌቪዥን ላይ ሳይቀር ተለጥፎ ወጣ። ኮዳክ በ2012 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ ዛሬ በስሙ የሚሸጡ ባትሪዎችና ቴሌቪዥኖች የሚሠሩት በፈቃድ ነው። የፈረንሳዩ ሙሊኔክስ በ2001፣ የጀርመኑ ግሩንዲግ በ2003 ወደቁ። ሙሊኔክስን የአገሩ ተፎካካሪ ሴብ ወሰደው፣ ግሩንዲግ ደግሞ የቱርኩ አርቸሊክ ንብረት ሆነ። ያልከሰሩትም ቢሆኑ የማይፈልጉትን ክፍል ይሸጣሉ። ፊሊፕስ የሚል ቴሌቪዥን ከ2012 ጀምሮ ቲፒ ቪዥን በሚባል ሌላ ኩባንያ ሥር ነው። የፊሊፕስ ካውያና ብሌንደር ክፍልም በ2021 ተሽጧል። የቶሺባ ቴሌቪዥን በ2018 ወደ ቻይናው ሃይሴንስ ዞሯል።

ባለቤት ተቀየረ ማለት ግን ጥራት ወረደ ማለት አይደለም። ፋብሪካውን፣ መሐንዲሶቹንና መለዋወጫውን አብሮ የገዛ ኩባንያ አንዳንዴ ከበፊቱ የተሻለ ይሠራል። የሚያሰጋው ስሙን ብቻ ለጥቂት ዓመት የተከራየው ነው። ኪራዩ ሲያልቅ ጥሎት ስለሚሄድ ለመለዋወጫም ለስሙም የሚጨነቅበት ምክንያት የለውም።

ናሽናል ግን ለብቻው ይታይ። የፓናሶኒክ ኩባንያ ይህን ስም ጃፓን ውስጥ ሳይቀር እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ከዕቃዎቹ ላይ አንስቶታል። ስለዚህ ዛሬ ካርቶኑ አዲስ፣ የምርት ዘመኑም የቅርብ ሆኖ «ናሽናል ጃፓን» የሚል ካውያ ካያችሁ ያ የድሮው ናሽናል እንዳልሆነ ሳትከፍቱት ታውቃላችሁ።

ካርቶኑን ተዉት፣ ገልብጡት

ካርቶን ማስታወቂያ ነው። መረጃው ያለው ዕቃው ላይ በተለጠፈው ወይም በተቀረጸው ሳህን ላይ ነው፤ ካውያ ከሆነ ተረከዙ ጋ፣ ብሌንደር ከሆነ ከሥሩ፣ ቴሌቪዥን ከሆነ ጀርባው ላይ። ጽሑፉ ደቃቅ ስለሆነ በስልካችሁ ፎቶ አንሱትና አጉልታችሁ አንብቡት።

«ማኑፋክቸርድ ባይ» የሚል ካለ ቀጥሎ ያለው ስም የሠሪው ነው። «ማኑፋክቸርድ ፎር» ካለ ግን ቀጥሎ የተጻፈው ያሠራው ነው፤ ማን እንደሠራው አልተነገራችሁም። ከብራንዱ ስም ጋር «አንደር ላይሰንስ» የምትል ቃል ካገኛችሁ ስሙ የኪራይ ነው፣ አለቀ። «ዲዛይንድ ኢን ጀርመኒ» ወይም «ጃፓን ቴክኖሎጂ» የሚለው የተሠራበትን አገር አይናገርም። የተሠራበት የሚታወቀው «ሜድ ኢን» ከሚለው ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሞዴል ቁጥሩን አስተያዩ። ካርቶኑ ላይ አንድ ቁጥር፣ ሳህኑ ላይ ሌላ ከሆነ ካርቶኑ የሌላ ዕቃ ነው፤ አስቀምጣችሁት ውጡ። ከተስማሙ ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ፈልጉት። የብራንዱ የራሱ ድረ ገጽ ላይ (የአውሮፓው ላይ ባይኖር የመካከለኛው ምሥራቅ ወይም የሕንዱ ላይ) ከተገኘ ሞዴሉ በእርግጥ ያለ ነው። ሌላ ቦታ ሁሉ ጠፍቶ ሻጮች ገጽ ላይ ብቻ ከታየ፣ የድሮ ክምችት ካልሆነ በቀር፣ ወይ የኪራይ ስም ነው ወይ ፎርጅድ።

ሁለት የሚወራ ነገር ደግሞ ከዝርዝራችሁ አውጡ። የባርኮዱ መጀመሪያ ቁጥር የተሠራበትን አገር ያሳያል ይባላል፤ አያሳይም። ከ690 እስከ 699 የሚጀምረው ቻይና ውስጥ ለተመዘገበ ኩባንያ የተሰጠ ነው፣ ከ400 እስከ 440 ያለው ጀርመን። የጀርመን ኩባንያ ቻይና አሠርቶ በጀርመን ቁጥር ይሸጣል፣ ሕጋዊም ነው። ሁለተኛው «ሲ ኢ» የሚለው ምልክት ነው። ፊደሎቹ ከተጠጋጉ «ቻይና ኤክስፖርት» ማለት ነው የሚባለው ተረት ነው። በሌላ በኩል ምልክቱ በትክክል ስለተጻፈም አትመኑት፤ ካውያና ብሌንደርን ለመሰለ የቤት ዕቃ አምራቹ በራሱ ኃላፊነት የሚለጥፈው ነው፣ የመረመረው ሰው አለ ማለት አይደለም።

ካውያ፦ ዋቱን እንዴት ታጣራላችሁ

ሳህኑ ላይ «220–240 ቮልት፣ 850–1000 ዋት» ተጽፎ ካርቶኑ ላይ በትልቁ 1000 ብቻ ከሆነ ማጭበርበር አይደለም። ትልቁ ቁጥር በ240 ቮልት የሚሰጠው ኃይል ነው። የእኛ መብራት 220 ስለሆነ የምታገኙት ትንሹን ነው። ማታ ሰው ሁሉ ምጣድ ሲጥድ መስመሩ ወደ 190 ቢወርድ ደግሞ በ220 ቮልት 1000 ዋት የሚሰጥ ካውያ ወደ 750 ይወርዳል፤ ኃይሉ ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚወርድ ነው። ስለዚህ «አይሞቅም» ብላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ጠዋት ሞክሩት።

ትክክለኛ ዋቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፣ ቆጣሪያችሁ ይበቃል። ዲጂታል ቆጣሪ ፊቱ ላይ ብልጭ የሚል ቀይ መብራት አለው፤ አጠገቡ ከኪሎዋት ሰዓት ጋር 1000 ወይም 1600 የሚል ቁጥር ተጽፏል። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ንቀሉ፣ ፍሪጅና የዋይፋይ ሳጥን ሳይቀር። መብራቷ ብልጭታ ማቆሟን እዩ። ካውያውን ቀዝቃዛ እንዳለ መጨረሻው ሙቀት ላይ አድርጋችሁ ሰኩና ወዲያው ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ቆጣሪው 1600 ከሆነ የቆጠራችሁትን በ37.5፣ 1000 ከሆነ በ60 አባዙት፤ ውጤቱ ዋት ነው። 850–1000 የሚል ካውያ በ1600 ቆጣሪ ከ22 እስከ 24 ያህል ጊዜ ብልጭ ማለት አለበት። 12 ጊዜ ብቻ ካለ 450 ዋት ነው፤ የጻፉት ውሸት ነው። ካውያው አስቀድሞ ከሞቀ አትቁጠሩ፤ ቴርሞስታቱ በመሃል ስለሚያጠፋው ቁጥሩ ያሳስታችኋል።

ዋት ማነስ ሥራ ያዘገያል እንጂ ቤት አያቃጥልም። ቤት የሚያቃጥለው ገመድና መሰኪያ ነው። ወጪ የሚቀንስ አምራች መጀመሪያ የሚነካው እዚያ ነው፤ ማንም ገዢ ስለማያየው።

ትንሽ ማግኔት ኪሳችሁ ይኑር፤ የተበላሸ ስፒከር ውስጥ ያለው ይበቃል። ወደ መሰኪያው ሁለት እግሮች አስጠጉት። ጥሩ መሰኪያ ከነሐስ ስለሚሠራ ማግኔት አይስብም። ከሳበ ቀለም የተነከረ ብረት ነው፤ ብረት ኤሌክትሪክን ከነሐስ ባነሰ ያስተላልፋል፣ ቀለሙ ሲላጥ ይዝጋል፣ ይግላል፣ ሶኬቱንም ያቀልጠዋል። ቀጥሎ ገመዱ ላይ የተጻፈውን ፈልጉ፦ «3 × 0.75» ወይም «3 × 1.0» የሚል ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያው የሽቦዎቹ ብዛት፣ ሁለተኛው የእያንዳንዱ ውፍረት በካሬ ሚሊ ሜትር ነው። እስከ 1300 ዋት ላለ ካውያ 0.75 ይበቃል። 2000 ዋት የሆነ 9 አምፒር ያህል ስለሚስብ 1.0 ያስፈልገዋል። ምንም ያልተጻፈበት ገመድ ግን አይገዛም። «2 ×» የሚል ከሆነ ደግሞ የመሬት ሽቦ የለውም፤ መሰኪያው ጎን ላይ የመሬት ብረት ቢኖርም ለታይታ ነው። ብረት ሆዱ ላለው ካውያ ይህ ብቻውን ለመተው በቂ ነው።

ሱቁ ውስጥ ሶኬት ካለ አሥር ደቂቃ እንዲበራ ጠይቁ። ሻጭ «ኧረ አዲስ ነው» ብሎ ቢያጉረመርምም ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። ከዚያ ነቅላችሁ የመሰኪያውን እግር ንኩት። ለብ ካለ ደህና ነው። በጣት መያዝ ካቃታችሁ ውስጡ ሽቦው በደንብ አልተጨበጠም፤ ቤት ውስጥ ማከፋፈያ ላይ ሲሰካ ደግሞ ይብስበታል። ቴስተር ያለው ወዳጅ ካላችሁ ሳትሰኩት ሁለቱን እግሮች ይለካ፦ በ220 ቮልት 1000 ዋት የሆነ ካውያ 48 ኦም አካባቢ ያሳያል፣ 2000 ዋት የሆነ 24 ያህል። ከአንዱ እግር ወደ ካውያው ብረት ግን ምንም መንበብ የለበትም። ካነበበ ያ ካውያ ሰው ይይዛል።

ብሌንደር

እዚህ ላይ ካርቶኑ ይበልጥ ይዋሻል። «1500 ዋት» ተብሎ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ሲነሳ ለቅጽበት የሚስበው ነው፤ ሳህኑ ላይ 350 ወይም 400 ታገኛላችሁ። ሳህኑን እመኑ።

ሳህኑ ላይ «ኬ ቢ 1 ሚን» የሚል ምልክት ካለ ያለማቋረጥ መሥራት ያለበት አንድ ደቂቃ ብቻ ነው ማለት ነው፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ደቂቃ ማረፍ። የአቮካዶ ጁስ ለመምታት ይበቃል። በርበሬ፣ ሽሮ ወይም ቡና ለመፍጨት ግን አይሆንም፤ ደረቅ እህል ሞተሩን ስለሚያስጨንቀው የሞተሩ ሽቦ ጥቅል ቫርኒሽ ይቃጠላል፣ ያ የሚሸት ሽታ እሱ ነው። የድሮዎቹ ይህን ችለው ዓመታት የቆዩት የመዳብ ጥቅል ስለነበራቸውና ሞተሩም ከባድ ስለነበረ ነው። ዛሬ በርካሹ ውስጥ አሉሚኒየም ይጠቀለላል። ክፈቱት ብትሉ ሻጩ እሺ አይልም፤ ክብደቱ ግን ያሳብቃል። ማሰሮውን አውርዳችሁ ሞተር ያለበትን ክፍል ብቻ አንሱ፣ ተመሳሳይ ዋት ካለው ሌላ ብራንድ ጋር በግራና በቀኝ እጅ አስተያዩ። በግልጽ የቀለለው ውስጡ የጎደለ ነገር አለ።

ከዚያ የማሰሮውን ቢላዋ በማንኪያ እጀታ ወደ ጎን ግፉት። ትንሽ መላወስ ያለ ነው፤ ሚሊ ሜትር ያህል ወዲያና ወዲህ ካለ ቡሹ (የቢላዋው ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት) ልል ነው፣ በወራት ውስጥ ያንጠባጥባል፣ የተንጠባጠበውም ሞተር ውስጥ ይገባል። ሞተሩን ከማሰሮው የምታገናኘዋ የላስቲክ ጥርስም ለብቻዋ መለዋወጫ ትገኝ እንደሆነ ጠይቁ። መጀመሪያ የምታልቀው እሷ ናት፤ ካልተገኘች ሙሉው ብሌንደር ይጣላል።

ፔርሙዝ፣ ፓይሬክስ፣ ባትሪ

የብረት ፔርሙዝ ሙቀት የሚይዘው በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ያለው አየር ስለተመጠጠ ነው። የፈላ ውሃ ሞልታችሁ ክደኑና አሥር ደቂቃ ቆዩ፣ ከዚያ ውጪውን ከላይ እስከ ታች ዳብሱ። ከአንገቱ በታች የሞቀ ቦታ ካለ አየር ገብቶበታል፣ አይጠገንም። ካርቶኑ «ከ6 ሰዓት በኋላ ይህን ያህል ዲግሪ» ሲል የሚነሣው 95 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ውሃ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1600 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 94 ወይም 95 ላይ ነው፤ ቀድታችሁ እስክትከድኑት ደግሞ ይቀንሳል። ሁለት ሦስት ዲግሪ ቢጎድል ፔርሙዙን አትውቀሱ። ፔርሙዙንም ሆነ ድስቱን በማግኔት ፈትሾ «አይስብም፣ ስለዚህ ኦርጅናል ስቲል ነው» ማለትም አያስኬድም። 304 የሚባለው ጥሩው ብረትም፣ ኒኬሉ ተቀንሶ ማንጋኒዝ የተጨመረበት 201ም ማግኔት አይስቡም፤ ቶሎ የሚዝገው ግን ሁለተኛው ነው። ከሥሩ «304» ወይም «18/8» ተቀርጾ እንደሆነ እዩ።

የመስታወት መጋገሪያ ላይ ፓይሬክስ የሚል ስም ብቻውን አይበቃም። አሜሪካዊው ኮርኒንግ እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ ሲሸጠው ስሙን ያገኘው ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ በሚችል ቦሮሲሊኬት በሚባል መስታወት ነበር። ኩባንያው የቤት ዕቃ ክፍሉን በ1998 ሸጧል፤ የአሜሪካው ፓይሬክስ ዛሬ የሚሠራው ተራ መስታወትን በሙቀት በማጠንከር ነው፣ የፈረንሳዩ ግን አሁንም ቦሮሲሊኬት ነው። ተራው ሲሞቅ የሚለጠጠው የቦሮሲሊኬቱን ሦስት እጥፍ ያህል ነው። በተቃራኒው ሲወድቅ የተሻለ ይችላል። ከምድጃ አውጥታችሁ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ብታስቀምጡት ግን ሊፈነዳ ይችላል። ጠርዙን ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩ፦ አረንጓዴ የሚያደላ ከሆነ ተራው ነው፣ የጠራ ከሆነ ቦሮሲሊኬት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ባትሪ ድንጋይ ላይ አንዱ ብራንድ ሁለቱንም ዓይነት ይሸጣል። «ኤ ኤ» በሚባለው ትንሹ የሪሞት ባትሪ ላይ «ኤል አር 6» ካለ አልካላይን ነው፣ «አር 6» ብቻ ከሆነ ካርቦን ዚንክ። አልካላይኑ 23 ግራም አካባቢ ይመዝናል፣ ሌላው ከ15 እስከ 19። ለግድግዳ ሰዓትና ለሪሞት ርካሹ በቂ ነው። ቀኑ ያለፈበትን ወይም በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን ግን አትግዙ፤ ሙቀት ሳይሠራበት ይጨርሰዋል።

ጫማ

የድሮ ክምችት የሚጎዳው ጫማን ነው። ቀላልና ለስላሳ ሶል ብዙ ጊዜ ፖሊዩሬታን ነው፤ ይህ ነገር ሳይለበስ ካርቶን ውስጥ ሆኖም ከአየሩ እርጥበት ጋር እየተዋሃደ ይፈርሳል። አምስት ስድስት ዓመት የተቀመጠ አዲስ ጫማ በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ዳቦ የሚቆራረሰው ለዚህ ነው። ሶሉን በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ ጫኑ፣ ከዚያ ጫማውን ከመሃሉ እጠፉት። ጫና ያረፈበት ቦታ ካልተመለሰ፣ ደቃቅ ስንጥቅ ካወጣ ወይም እጃችሁ ላይ ዱቄት ከቀረ ተዉት። ምላሱ ሥር የተሰፋው ምልክት ላይ አንዳንዱ የምርት ወርና ዓመት ይጽፋል።

ቆዳ መሆኑን ለማወቅ ሻጩን ከመጠየቅ ምልክቱን ማንበብ ይሻላል። አውሮፓ የሚሸጥ ጫማ የሚይዘው ሥዕል አለ፦ የተዘረጋ ቆዳ ሥዕል ካለ ቆዳ ነው። ያው ቆዳ መሃሉ ላይ አልማዝ ቅርጽ ካለበት ከላዩ በፕላስቲክ የተሸፈነ ቆዳ ነው፤ ሽፋኑ ከታጠፈበት ይላጣል። አልማዝ ብቻ ከሆነ ቆዳ አይደለም። መረብ የሚመስለው ጨርቅ ነው። ሦስት ቦታ ተጽፎ ታዩታላችሁ፤ ለላዩ፣ ለገበሩና ለሶሉ። ሶሉ ላይ ክር ታይቶ ስፌት ቢመስላችሁ በጥፍራችሁ ሞክሩት፤ ላስቲኩ ላይ የታተመ ቅርጽ ከሆነ ጫማውን የያዘው ማስቲሽ ብቻ ነው፣ የአዳማ አስፋልት ሙቀት ደግሞ ማስቲሽ ይወዳል።

ደረሰኝና አሥራ አምስት ቀን

መርካቶ ሄዶ ትንሽ አርክሶ መግዛት ይቻላል። ዕቃው ሲበላሽ ግን መቶ ኪሎ ሜትር ይዛችሁት መመለስ አለባችሁ፤ ለኤሌክትሪክ ዕቃ እዚሁ መግዛት ያዋጣል የምንለው ለዚህ ነው።

ደረሰኙ ላይ የሞዴል ቁጥሩና ካለ ሲሪያል ቁጥሩ ይጻፍ። «ካውያ 1» ተብሎ የተጻፈ ደረሰኝ የትኛውን ካውያ እንደገዛችሁ አያስረዳም። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ሻጩ እንዲቀይርለት ወይም ገንዘቡን እንዲመልስለት መጠየቅ ይችላል። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ ቢለጠፍም ጉድለት ላለበት ዕቃ ይህን መብት አይሰርዘውም። ስለዚህ የቆጣሪውን ቆጠራ፣ የፔርሙዙን ሙከራና የመሰኪያውን ሙቀት በመጀመሪያው ሳምንት ጨርሱ፤ ለሠርግ ወይም ለበዓል ብላችሁ ካርቶኑን ሳትከፍቱ አታስቀምጡ። ሻጩ እምቢ ካለ ዕቃውን ከነካርቶኑ፣ ከደረሰኙና ከሳህኑ ፎቶ ጋር ይዛችሁ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ጥያቄያችሁንም በጽሑፍ አድርጉትና ቀኑን የያዘ ኮፒ አስቀሩ።